አጭሩ ዙር

ደብረ ማርቆስ
ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

…መስታወቱ ውስጥ ነጩ ከነጩ ጋር ሲዞር የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። አንድ ጨርቅ መጥቶ ይለጠፋል፣ የእማ ነጠላ ይመስለኛል፤ ወዲያው ይወድቅና ሌላ ይተካዋል። በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየው ነበር። መርየም ጡቴን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። ውጭ የመግሪብ አዛን ይላል፤ እኔም ልነሣ እያልኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ይዙር እያልኩ…

ይቅርታ ሙነወር። ሰላም ሳልልህ ጀመርኩ። ወረቀቱን ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ እጄ ግን ከመሐል ተነሣ። አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? ሳልህ ለቀቀህ ወይ? አጎትህ ሱቁን ላንተ ጥለው አሁንም ከተማ ሲዞሩ ይውላሉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። መርየም ከታች ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። አንተ የላክህላትን የላስቲክ ዳክዬ አንገቱን በልታዋለች።

ደኅና ነን ብዬ ጻፍኩ። አልሰርዘውም። እናትህ እንዲጻፍ የፈለጉት እሱን ነው።

ዛሬ ጠዋት ጠርተው፣ «ለሙነወር እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። «እህቴ ናፈቀችኝ። ቁይ ሄጄ እሷ ዘንድ ልቀመጥ ብያለሁ። ለዓረፋ አትጠብቁኝ። ሌላ አትጨምሪ።» የሚሄዱት ቅዳሜ፣ ከገበያ በሚመለሰው መኪና ነው። ልብሳቸውን በአሮጌ አንሶላ አሥረው ከበሩ ኋላ አስቀምጠውታል። ሳልፍ እግሬን ይነካኛል።

እማ እህታቸው እንዳልናፈቋቸው አንተም ታውቃለህ። ባለፈው ዓመት እህታቸው መጥተው ሲሄዱ፣ «ጆሮዬን አሁን ነው ያገኘሁት» ብለው ያሳቁን እሳቸው ናቸው። የሚሄዱበትን ምክንያት እኔ አውቀዋለሁ። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። እሳቸውም ያወቁ ይመስላቸዋል እንጂ አላወቁም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አንተ የነበርክበት ቢሆንም ልጀምር፤ ካልሆነ አልደርስበትም።

የልብስ ማጠቢያው መኪና ከአስመራ የመጣ ቀን በሩ ጠቦ መቃኑን አስነቀልክ። ይመኙሻል ከአጥሯ በላይ አንገቷን አውጥታ፣ «እትዬ ሩቂያ፣ ልጅዎ አንድ ዓይና ሙሽራ አመጣብዎት!» ስትል፣ እማ ደግሞ «ዓይኗን ስትጨፍን ነው የማምናት» ሲሉ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። የሚዞረውን ቁልፍ ዙሪያውን የጣሊያን ቃል ከቦታል። ለቁስል የሚሆነውን ነጭ ፕላስተር በመቀስ ቆራርጠህ ለጠፍክበትና በላዩ ጻፍክ፤ ነጭ፣ ቀለም፣ ሱፍ፣ አጭር። «አጭር» የሚለውን ስትለጥፍ፣ «ይሄ እንግዳ ሲደርስብሽ ነው» ብለህ ጠቀስከኝ።

በማግሥቱ እማ የዱቄት ሳሙናውን ስላላመኑት የተወቀጠ እንዶድ በእፍኛቸው ጨመሩበት። አረፋው በመሳቢያው ወጣ፣ በበሩ ሥር ወጣ፣ መደቡ ላይ ወጥቶ የአንተን ጫማ ይዞ ሄደ። ይመኙሻል ቀሚሷን ሰብስባ ገብታ፣ «ጨሞጋ ሞልቶ ቤታችሁ ገባ እንዴ?» አለች። እማ በአረፋው መሐል ቆመው፣ «ንጹሕ ከሆነ ይግባ!» አሉ። ያን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ያን ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ።

መኪናውን የተቀበሉት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ማለቅለቁ። በርጩማቸውን አምጥተው ፊቱ ተቀመጡና «ነጭ» የሚለውን ዙር ከዳር እስከ ዳር አዩት። ውሃው ፈስሶ አዲስ ሲገባ አንድ ጣት አጠፉ፤ ደግሞ ሁለት፤ ደግሞ ሦስት። «ሦስቴ ካለቀለቀ ይሁን» አሉ። ሁለተኛው የመርየም ጨርቅ ነበር።

«የልጅቷ ለብቻው። የሶላት ልብሴ ለብቻው» አሉኝ። «ወንድ ብትሆን፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ወንድ፣ ውሃ ይረጭበታል፤ ይበቃል። ይቺ ሴት ናት። የሴት ሽንት መታጠብ አለበት። ከኔ ጋር ከገባ ውሃውን ሁሉ ነጃሳ ያደርገዋል፤ በዚያ ልብስ ደግሞ አይሰገድም።»

«ለብቻው ነው፣ እማ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

አንተም እዚያው ነበርክ። መርየምን ወደ ላይ አንሥተህ፣ «ወንድ ብትሆኚ ኖሮ ሥራ ታቃልዪ ነበር» አልካት። እኔ አልሳቅሁም። አስተውለህ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ አንተ ሄድክ፤ ረመዳን ገባ።

መብራት የሚመጣው ሊመሽ ሲል ነው፤ የሚሄደው ደግሞ ሴቶቹ ነፊሳ ቤት ተራዊሕ ሰግደው ሳይጨርሱ። «ነጭ» የሚለው ዙር ውሃውን እስኪያሞቅ ድረስ አምፖሉ ቀይ ክር ይሆናል፤ ሾርባው በጨለማ ይቀዳል። አንድ ምሽት መሐል ላይ ጠፋ። ልብሱ ከነውሃው ተቆልፎበት አደረ። እማ ለፈጅር ሲነሡ ነጠላቸው መስታወቱ ውስጥ ተንሳፍፎ አገኙት፤ አሮጌ ሻሽ ተከናንበው ሰገዱና፣ «ቀድሪያ፣ እስረኛዬን መቼ ትፈቺልኛለሽ?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ «አጭር» የሚለው ላይ አደረግሁት። ለሁለት ዙር መብራቱ ስለማይበቃ የመርየምንም አብሬ ጨመርኩ። «ስለዚህ» አልኩ። ቃሉ ራሱ ሰበብ ይመስላል። አጭሩ ዙር ውሃ አያሞቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ያለቀልቅና ይቆማል። ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር። በማግሥቱም ለዛሬ ብቻ ነበር።

«ለብቻው አደረግሽው?» ይሉኛል ከተራዊሕ ሲገቡ።

«ለብቻው፣ እማ።»

«ሦስቴ አለቀለቀ?»

«ሦስቴ።»

«ወላሂ?»

ወላሂ። ምን ያህል ቀላል ቃል እንደሆነ አልነግርህም። ነጠላውን ከእጄ ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ «አላህ ያንቺን እጅ ያሳርፈው» ይሉ ነበር። ተመርቄበታለሁ፣ ሙነወር። ረመዳን ሙሉ ተመርቄበታለሁ። ረመዳን ወጣ፤ እንግዲህ ጊዜ ነበረኝ፤ ወደ ነጩ መመለስ እችል ነበር። ቁልፉን ሳዞረው አጭሩ ላይ ጣቴ በራሱ ይቆማል። ከፕላስተሮቹ ሁሉ ጠርዙ የጠቆረው እሱ ነው። መጥተህ ብታየው ታውቅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ፣ ነፊሳ ቤት ዱዓ ነበር። እንደ ልማዳቸው እማ ነበሩ ዱዓውን የሚመሩት። ነጠላው በደንብ ሳይደርቅ ነበር አጥፌ ሣጥን ውስጥ የከተትኩት። ሲሰገድ ከሱጁድ ቀና ሲሉ ከኋላቸው የነበረችው ሴት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ይህን የነገረችኝ ነፊሳ ናት፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም ወይም ያላወቀች መስላለች። እማ ዱዓው ሳያልቅ ተነሥተው መጡ። ክፍላቸው ገብተው ነጠላውን ዘረጉት። በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ከኋላ፣ ሲቀመጡ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ቢጫ ክብ ነበረ። አሸተቱት። ከዚያ ራሳቸውን፣ የለበሱትን ቀሚስ፣ አሸተቱ።

የዚያን ዕለት ራት ላይ፣ «ቀድሪያ፣ ሰው ሲያረጅ ሳይታወቀው… ይሆናል?» አሉኝ።

«ምኑ፣ እማ?»

«እንዲያው ነው። ተይው።»

መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። አፌ ውስጥ ጉርሻ ነበር። እስክውጠው ጠበቅሁ። ስውጠው እሳቸው ተነሥተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አፌ ባዶ ሆኗል፤ አልተናገርኩም።

አየህ፣ እማ የሚያመልጣቸው መሰላቸው። ሰውነታቸው የከዳቸው መሰላቸው። የመርየም ሽንት ነው፤ የእኔ አጭር ዙር ነው። እሳቸው ግን የገዛ ገላቸውን ነው የጠረጠሩት።

ውሃ መጠጣት ትተዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ከቀትር በኋላ ግድግዳ ይዘው ነው የሚራመዱ። ምንጣፍ ላይ አይቀመጡም፤ ቁርበት አንጥፈዋል። ለአንድ ሶላት ታጥበው ውዱእ አድርገው፣ ጥቂት ቆመው አሰብ አድርገው፣ ተመልሰው ደግመው ያደርጋሉ። ልብሳቸውን ለእኔ አይሰጡኝም። ከማድ ቤቱ ጀርባ በሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያሹታል። እነዚያን ጣቶች ታስታውሳቸዋለህ? መኪናውን የገዛኸው ለእነሱ ነበር። አሁን ሳፋው ውስጥ ሳያቸው እንደ ዝንጅብል ናቸው።

መርየምንም አያቅፉም። ትናንት እየዳኸች ሄዳ ቀሚሳቸውን ያዘች። እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ እንደሚፈተሽ ሰው። «ወደ እናትሽ ሂጂ፣ የኔ እናት። እኔ ንጹሕ አይደለሁም» አሏት። መርየም በዚያ ጥርሷ ሳቀችባቸው።

ነፊሳ ማክሰኞ መጥታ ነበር። «እትዬ ሩቂያ ምን ሆነው ነው የቀሩብን? ያለ እሳቸው ዱዓችን ጨው የለውም» አለች።

«ጉልበታቸውን አሟቸው ነው» አልኩ።

«ጉልበት? አሁን ስገባ ፍየል ሲያባርሩ አልነበር እንዴ?»

እማ ከውስጥ ሆነው፣ «ለፍየልማ ይበቃል! ለሰው ምንጣፍ ነው ያልበቃው!» ብለው ጮሁ። ነፊሳ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ አልገባኝም።

አሁን እንዲህ ትላለህ፤ ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም? አንድ ቃል ነው። እኔም እንዲያ እል ነበር። ግን ቃሉን እስከ መጨረሻው ሂድበት። «ገላዎ ደኅና ነው፣ እማ፤ የሰገዱበት ልብስ ነው ነጃሳ» ብዬ ልንገራቸው። ታዲያ የረመዳኑ? ተራዊሑ? ለይለተል ቀድርን ቆመው ያነጉት? ሼኩ ሰው ባለማወቅ የሰገደው አይቆጠርበትም ይሉ ይሆናል። እማ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ይሰግዱታል፤ በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ባልጠጣ ገላ። ዝም ብል ገላቸውን ወሰድኩባቸው። ብናገር ሶላታቸውን እወስዳለሁ። አንዱን ወስጃለሁ። ሁለተኛውን ልጨምር ወይ ነው የኔ ጥያቄ፤ ማታ ማታ ሳይሆን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ስዘረጋ፣ የምጠይቀው።

ይህም ሙሉው እውነት አይደለም። ለእሳቸው ሳስቼ ብቻ ዝም ያልኩ አስመሰልኩት።

ሰኞ ዕለት ዕቃቸውን ሲያሥሩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ክፍላቸው የጠዋት ፀሐይ ያገባል። የመርየም አልጋ እዚህ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ያ መስኮት መጋረጃ ቢያገኝ። ሐሳቡ ሙሉ አልነበረም፤ እንደ ትንኝ ሽው ብሎ ነው ያለፈ። ግን የመጋረጃውን ቀለም መርጬ ነበር፣ ሙነወር። «ወላሂ ለብቻው ነው?» የሚለኝ የሌለበት ቤት። ቁልፉን ወዳሻኝ የማዞርበት። እማ ቀና ብለው፣ «ምነው ቆምሽ? ያዢልኝ» አሉና የጨርቁን ጫፍ ሰጡኝ። ያዝኩላቸው። ቋጠሮውን አጠበቅሁላቸው። ጥሩ ቋጠሮ ነው፤ መንገድ ላይ አይፈታም።

አንተ ደግሞ በየደብዳቤህ፣ «መኪናው እንዴት ነው?» ትላለህ። ከመርየም አስቀድመህ ነው የምትጠይቀው። ሰው ይመስል። አንተን ልወቅስ አይደለም፤ የምወቅሰው ሰው ባገኝ ደስ እንደሚለኝ ግን አልደብቅህም። አጎትህ ለአንድ ክረምት ብቻ ብለውህ ነበር። መኪናው ደኅና ነው። ይዞራል። ስትመጣ እንዴት እንደሚዞር ታያለህ።

ወደ ቁይ ከሄዱ እህታቸው ምን ይላሉ? ያ አፍ። ለከተማው ሁሉ፣ «እህቴ ሽንቷን መያዝ አቅቷት ምራቷ አባረረቻት» ይላሉ። እማ ያን ሰምተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እውነት ነው ብለው ይቀመጣሉ። እውነት ሳይሆን። በሰው ቤት፣ በቁርበት ላይ፣ ተጠምተው።

እስከ ቅዳሜ ጥቂት ቀን አለ። ይህ ደብዳቤ ግን አስመራ የሚደርሰው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ያን እያወቅሁ ነው ለአንተ የምጽፈው። ለምን ለአንተ እንደጻፍኩ አሁን ስጽፈው ገና ገባኝ።

አላህ ሳልህን ያንሣልህ። ያልሠራኸውን የምትሸከም፣ የሠራኸውንም ሰው የሚሸከምልህ አያድርግህ። የአስመራን ሰዎች፣ አጎትህንም፣ ሰላም በልልኝ። መርየም በጥርሷ ሰላም ትልሃለች።

ባለቤትህ
ቀድሪያ

ፈርሜ ሳላጥፈው እማ ገቡ። ይህን ከፊርማዬ በታች የምጽፈው ለዚህ ነው። ወረቀቱ አልቋል፤ በጠርዙ ነው የምጽፈው።

«ጨረስሽ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«ይህን ሁሉ? እኔ ያልኩሽ ሦስት ቃል። አንቺ ዳዊት ደገምሽ እንዴ እንደ ይመኙሻል?» ቁርበታቸውን ጎትተው፣ ከእኔ ራቅ ብለው፣ ሽታ እንዳይደርሰኝ ከነፋሱ ወዲያ ተቀመጡ። «በይ አንብቢልኝ።»

እማ ፊደል እንደማያውቁ ታውቃለህ። ያልተጻፈውን ባነብላቸው እንደተጻፈ ያምኑኛል። የእህታቸውን ናፍቆት እንዴት አሳምሬ እንደምናገረው አፌ አዘጋጅቶት ነበር፤ ቃላቱ ምላሴ ላይ ነበሩ። ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስኩት።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። የተጻፈውን። ወላሂ ያልኩባቸውን ምሽቶች አነበብኩ። ነጠላውን ሲያሸቱ በበሩ ክፍተት እንዳየኋቸው አነበብኩ። መጋረጃውንም አልዘለልኩትም። እማ አላቋረጡኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እህታቸው ላይ ስደርስ፣ «እሱስ እውነት ነው» አሉ በቀስታ።

ጨረስኩ። ይመኙሻል ከአጥር ወዲያ ዶሮ ትጠራለች።

«እኔ አይደለሁማ» አሉ።

«አይደሉም፣ እማ። እርስዎ አይደሉም።»

ከአፍንጫቸው አንድ ነገር ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እንደሚዳሰስ። ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

«በረመዳን ስንተኛው ቀን ነው የጀመርሽው?»

«መጀመሪያው ሳምንት ላይ።»

«መጀመሪያው ሳምንት ላይ» አሉ። አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ማስኬድ ጀመሩ። ከንፈራቸው ሶላቶቹን ይቆጥራል። አንዱን እጅ ጨርሰው ወደ ሌላው ዞሩ፤ እሱንም ጨርሰው ተመለሱ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስጠጋ ደረቴን በመዳፋቸው ይዘው አስቆሙኝ። አልገፉኝም። አስቆሙኝ ብቻ።

ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። መርየም መደቡ ላይ ከዳክዬዋ ጋር ነበረች። ጎንበስ ብለው አነሧት። ጨርቋ ርሶ ነበር፤ እጃቸው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት፤ እሳቸውም አዩት።

«እማ፣ ልቀይራት፣ ይስጡኝ» አልኩ።

ልጅቷን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከበሩ ኋላ የነበረውን ዕቃ በእግራቸው ወደ ውስጥ ሲገፉት ሰማሁ።

በሩ ተዘጋ።